ዓመቱ ሲያጥር ሊጉ እንዴት ይደልደል?

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ጉባ ወረዳ ባለችው ማንኩሽ ኳስ የሚጫወቱበት ወቅት አጭር ነው። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናቡ ሜዳውንም መንገዱንም ይይዛል። ከየካቲት ወዲያ ደግሞ የጉባ ቆላ ፀሐይ ቀትር ላይ 40 ዲግሪን ያልፋል። ለጨዋታ የሚመቸው ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው፤ እሱንም ቢሆን የማሽላ አጨዳው ይጋፋዋል። ስለዚህ በመተከል ዞን ወረዳዎች መካከል ወግ ያለው የእግር ኳስ ሊግ ላቋቁም የሚል ሰው ገና ከመነሻው አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ ሙሉውን ውድድር ለማካሄድ ጊዜው ካልበቃ ምን ይቀነስ? ትልልቆቹ ሊጎች ይህን ጥያቄ የሚጠይቁት ወረርሽኝ፣ ጦርነት ወይም አድማ የመጣ ዓመት ብቻ ነው። እዚህ ግን በየዓመቱ የሚመጣ ጥያቄ ነው።

ሲያዩት የሒሳብ ጥያቄ ይመስላል። የክለቦቹ ቁጥር ይታወቃል፣ ቀኖቹ ይቆጠራሉ፣ ይካፈላሉ። ነገር ግን ዓመታቸውን ያሳጠሩ ሊጎችን ታሪክ ላገላበጠ ሰው ጠብ ያስነሳው የጨዋታው ቁጥር ማነሱ አይደለም። ጠቡ የሚነሳው አንዱ ከጠንካሮቹ ጋር ደጋግሞ ሲጋጠም ሌላው ከደካሞቹ ጋር ከተጋጠመ ነው። የባሰው ደግሞ ደንቡ የሚጻፈው ማን እየመራ እንደሆነ ከታወቀ በኋላ ሲሆን ነው።

ከራሳችን እንጀምር። የ2012 የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የተጀመረው በ16 ክለቦች ነበር። 16 ክለቦች በደርሶ መልስ ሲጫወቱ 30 ሳምንት ይፈጃል፤ በድምሩ 240 ጨዋታ ነው። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን ሲገኝ ሊጉ ግማሹን አልፎ ነበር። ውድድሩ ቆመ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ ጭራሹን ተሰረዘ። ሻምፒዮን የለም፣ ወራጅ የለም፣ ከከፍተኛ ሊግ የሚያድግም የለም ተባለ። በዚያ ወቅት ሌላ መውጫ ማግኘት ከባድ እንደነበር አልክድም። ሆኖም ውሳኔው እኩል የጎዳ የሚመስለው ከላይ ላየው ብቻ ነው። ወራጅ ቀጠና ውስጥ የነበረው ክለብ ዳነ፤ በከፍተኛ ሊጉ ምድቡን ሲመራ የነበረው ግን የወራት ልፋቱ ውኃ በላው። መሰረዝ ገለልተኛ ውሳኔ አይደለም፤ እሱም ተጠቃሚና ተጎጂ አለው።

በቀጣዩ ዓመት ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በትግራይ ጦርነት ምክንያት መቐለ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ ስላልተካፈሉ የ2013 ሊግ ታኅሣሥ 3 ቀን በ13 ክለቦች ተጀመረ። 13 ቁጥር ለድልድል አስቸጋሪ ነው፤ በየሳምንቱ አንድ ክለብ ተቀምጦ ያያል። ቢሆንም የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ደርሶ መልሱን አልቆረጠውም። እያንዳንዱ ክለብ 24 ጨዋታ፣ በድምሩ 156 ጨዋታ ተደረገ። የተቆረጠው ጉዞው ነው። ክለቦቹ በየከተማቸው መጫወታቸው ቀርቶ ሁሉም በአንድነት አዲስ አበባ፣ ከዚያ ጅማ፣ ከዚያ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ በመጨረሻም ሀዋሳ እየተሰባሰቡ ተጫወቱ። በሽታውን ለመቆጣጠር ይመች ነበር። በዚያው ዓመት የቴሌቪዥን መብቱን ለአምስት ዓመት ለገዛው ዲኤስቲቪም ካሜራዎቹን አንድ ቦታ መትከል በየክለቡ ከተማ ከመዞር እንደሚሻል ግልጽ ነው።

አንድ ጥያቄ ግን ይነሳል። ውድድሩ አንድ ከተማ ላይ ሲሰፍር የዚያ ከተማ ክለብ ባለሜዳ ይሆናል። ሀዋሳ ከተማና ሲዳማ ቡና ሀዋሳ ላይ፣ ባሕር ዳር ከተማ ባሕር ዳር ላይ፣ ድሬዳዋ ከተማ ድሬዳዋ ላይ ከደጋፊያቸው ደጃፍ ተጫወቱ። ሀዲያ ሆሳዕናና ወላይታ ድቻ ግን ዓመቱን ሙሉ እንግዳ ነበሩ። ይህ ፍትሕ ያጓድላል የሚለው ቅሬታ ትክክል ነው፤ ክብደቱ ግን ብዙዎቻችን ከምናስበው ያነሰ ይመስለኛል። የዚያ ዓመት ሻምፒዮን ፋሲል ከነማ ነበር፤ ጎንደር ላይ አንድም የሊግ ጨዋታ ሳያደርግ ዋንጫውን ወሰደ። ከሁሉም ጋር እኩል ጊዜ የተጋጠመ ክለብ ገለልተኛ ሜዳም ላይ ቢሆን ማንነቱን ያሳያል።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የሦስቱ የትግራይ ክለቦች ቦታ ክፍት እንደሆነ ቀረ። ሊጉን ወደ 16 ለመመለስ ሀዋሳ ላይ የማሟያ ውድድር ተዘጋጀና አዳማ ከተማ፣ ወልቂጤ ከተማና ጅማ አባ ጅፋር በሊጉ ቆዩ። ሦስቱም የሊጉን የመጨረሻ ደረጃዎች ይዘው የጨረሱ ነበሩ። ዓመቱን ሙሉ የተመዘገበ ውጤት በጥቂት ቀን ውድድር ሊገለበጥ መቻሉ ያኔ ብዙ አላነጋገረም። ሊያነጋግር ግን ይገባው ነበር፤ ምክንያቱ ወደ ቤዝቦል ስንሻገር ይታያል።

ቤዝቦል እኛ ዘንድ እምብዛም የማይታወቅ ጨዋታ ነው። ለያዝነው ጉዳይ ግን የእሱን ያህል የተመዘገበ ልምድ ያለው ስፖርት አላውቅም። የአሜሪካው ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ዓመቱን በጦርነት፣ በተጫዋቾች አድማና በወረርሽኝ ምክንያት ደጋግሞ አሳጥሯል፤ በየጊዜውም የተለየ መላ ሞክሮ የተለየ ስሕተት ሠርቷል። ዛሬ አንድ ክለብ በመደበኛ ዓመት 162 ጨዋታ ያደርጋል። ቁጥሩ ለእግር ኳስ ሰው እብደት ይመስላል፤ ነገር ግን ምክንያት አለው። በቤዝቦል እጅግ ጎበዝ የሚባለው ክለብ የሚያሸንፈው ከአሥር ጨዋታ ስድስቱን ገደማ ነው፤ እጅግ ደካማውም ከሦስት እስከ አራቱን ያሸንፋል። በአንድ ቀን ዕድል ሁሉንም ሊያደርግ ይችላል። ዕድሉ የሚጣራው ጨዋታው ሲበዛ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የዋሽንግተን ናሽናልስ ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 19 አሸንፎ 31 ተሸነፈ። በዓመቱ መጨረሻ ዋንጫውን የወሰደው እሱ ነው። ውድድሩ 50 ጨዋታ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ከተራዎቹ አንዱ ሆኖ ይረሳ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1972 ተጫዋቾቹ በሚያዝያ ወር አድማ መቱ፤ ዓመቱ ሲጀመር ሊደረጉ የነበሩ 86 ጨዋታዎች ቀሩ። የሊጉ ኃላፊዎች ቀላሉን መንገድ መረጡ፦ የቀረው ይቅር፣ ከዛሬ እንቀጥል። ችግሩ የቀረባቸው ጨዋታ ለሁሉም እኩል አለመሆኑ ነበር። ዲትሮይት 156 ጨዋታ አድርጎ 86 አሸነፈ። ቦስተን 155 አድርጎ 85 አሸነፈ። የተሸነፉት እኩል 70 ጊዜ ነው። ዲትሮይት በዚያች አንድ ተጨማሪ ጨዋታ ምድቡን አሸንፎ አለፈ፤ ቦስተን ቤቱ ገባ። ቦስተን የጎደለችውን ጨዋታ ይጫወታት የሚል ደንብ አልነበረም። የቦስተን ሰው ይህን ታሪክ ዛሬም ሲያነሳ ፊቱ ይጠቁራል ቢባል አይገርመኝም።

በ1981 የሆነው የባሰ ነው። ሰኔ 12 የተጀመረው አድማ 713 ጨዋታ በላ፤ ውድድሩ የቀጠለው ነሐሴ ላይ ነው። በዚህ ጊዜ አንድ ብልጥ የሚመስል ሐሳብ መጣ። ዓመቱ ለሁለት ይከፈል፤ ከአድማው በፊት ሲመሩ የነበሩት የመጀመሪያው አጋማሽ አሸናፊ ይባሉ፤ ከአድማው በኋላ ሁሉም ከዜሮ ይጀምር፤ የሁለቱ አጋማሽ አሸናፊዎች ይጋጠሙ። ተመልካቹን ለመመለስ ታስቦ ነው። ውጤቱ ግን እንዲህ ሆነ፦ የዓመቱ ድምር ሲታይ ከሁሉም ክለብ የበለጠ ያሸነፈው ሲንሲናቲ ነበር፤ 66 አሸንፎ 42 ተሸነፈ። በሁለቱም አጋማሽ ግን ሁለተኛ ስለወጣ ጥሎ ማለፉን አላየም። ካንሳስ ሲቲ ደግሞ ካሸነፈው የተሸነፈው በዝቶ፣ 50 ለ53፣ ጥሎ ማለፍ ገባ። አንደኛው ሊቀጣ ሁለተኛው ሊሸለም የቻለው ድልድሉ ጨዋታ ከተጀመረ በኋላ ስለተቀየረ ነው። ሰኔ ላይ ሲመሩ የነበሩት ክለቦች የመጀመሪያው አጋማሽ ያበቃው ያን ዕለት እንደሆነ በጊዜው አያውቁም ነበር። ሲንሲናቲም ቢያውቅ ኖሮ ያችን ሳምንት በሌላ መንገድ ይጫወታት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ካሉት ትልልቅ ፈተናዎች አንዱ የ2020 ነው። ዓመቱ ከ162 ወደ 60 ጨዋታ ወረደ፤ ሐምሌ መጨረሻ ተጀመረ። የተመረጠው ዘዴ ጉዞን በጂኦግራፊ መቁረጥ ነበር። እያንዳንዱ ክለብ 40 ጨዋታ ከራሱ ምድብ አራት ተቀናቃኞች ጋር፣ 20 ጨዋታ ደግሞ ሜጀር ሊጉ ከተከፈለባቸው ሁለት ሊጎች በሌላኛው ውስጥ በዚያው አካባቢ ካለው ምድብ ጋር ብቻ ተጫወተ። የምሥራቁ ከምዕራቡ ጋር እስከ ጥሎ ማለፉ ድረስ አልተገናኘም። ካናዳ ድንበሯን ስለዘጋች ለቶሮንቶው ክለብ ቤት ሆኖ ያገለገለው የአሜሪካው ባፋሎ ነው። አንዳንድ ክለቦች ውስጥ በሽታው ሲገባ ጨዋታዎች ተራዘሙ፤ የተራዘሙትንም ለመጨረስ በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ ተደረገ፣ እያንዳንዱም ከዘጠኝ ወደ ሰባት ምዕራፍ አጠረ። በመጨረሻ ከታቀደው 900 ጨዋታ 898 ተካሄደ። ይህን ያህል መፈጸሙ ትልቅ የድልድል ሥራ ነው፤ ለአዘጋጆቹ ባርኔጣዬን አነሳለሁ።

ቅር የሚለኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። 60 ጨዋታ ዕድልን ለማጣራት አይበቃም በሚል ወደ ጥሎ ማለፉ የሚገቡት ክለቦች ከ10 ወደ 16 ከፍ ተደረጉ። የመጀመሪያው ዙር ሦስት ጨዋታ ብቻ ነበር። 29 አሸንፎ 31 የተሸነፈው የሂዩስተን ክለብ በዚህ በር ገብቶ ለፍጻሜው ሊደርስ አንድ ጨዋታ ብቻ ቀረው። 60 ጨዋታ ካልበቃ ሦስት ጨዋታ እንዴት ይበቃል? ትክክለኛው መንገድ ተቃራኒው ነው፦ የዓመቱ መረጃ ሲያንስ የሚያልፉት ክለቦች ቁጥር ማነስ፣ ጥሎ ማለፉም መርዘም አለበት። እዚህ ላይ የወሰነው ስፖርቱ ሳይሆን የጥሎ ማለፉ የቴሌቪዥን ገንዘብ ነው የሚል ሰው ከተነሳ አልከራከረውም። 60 የሚለው ቁጥር ራሱ የመጣው በደመወዝ ክርክር ነው። ተጫዋቾቹ የሚከፈላቸው በተጫወቱት ጨዋታ ልክ እንዲሆን ከተስማሙ በኋላ እነሱ ጨዋታው እንዲበዛ፣ ባለቤቶቹ እንዲያንስ ጎተቱ። ሳይስማሙ ስለቀሩ የሊጉ ኮሚሽነር ሮብ ማንፍሬድ በሥልጣኑ ወሰነ።

በዚያው ዓመት ሌሎች የቤዝቦል አገሮች ሌላ መንገድ ሄደዋል። ደቡብ ኮሪያ በሽታውን ቀድማ ስለተቆጣጠረች በግንቦት መጀመሪያ ጀምራ 144ቱንም ጨዋታ ጨረሰች። ጃፓን ከ143 ወደ 120 ወረደች፤ የቀነሰችበት መንገድ ግን ልብ ይሏል። ከሁለቱ ሊጎቿ አንዱ ከሌላው ጋር የሚያደርጋቸውን ጨዋታዎች በሙሉ አወጣች። በአንድ ሊግ ውስጥ ያሉት ስድስት ክለቦች እርስ በርስ እኩል ተጫወቱ፣ ሠንጠረዡም ንጹሕ ሆነ። አንድን ዓይነት ጨዋታ ከሥሩ መንቀል ከየቦታው ጥቂት ጥቂት ከመቀንጠስ እንደሚሻል ከዚህ የበለጠ ማሳያ አይገኝም።

የአውሮፓ እግር ኳስ በ2020 የሄደበትን በአጭሩ ልንካው፤ ብዙው አንባቢ ተከታትሎታልና። ጀርመን በግንቦት፣ እንግሊዝ በሰኔ ተመልሰው ቀሪ ጨዋታቸውን በባዶ ስታዲየም ጨረሱ። ኔዘርላንድስ አያክስና አዜድ አልክማር በነጥብ እኩል እንደሆኑ ሻምፒዮን ሳትሰይም ዘጋች፤ ሁለተኛውን ሊግ ሲመራ የነበረው ካምቡርም ሳያድግ ቀረ። ፈረንሳይ ዓመቱን አቋርጣ ነጥብን በጨዋታ ቁጥር አካፈለችና ደረጃ አወጣች። አሚየን ከወራጅ ቀጠናው ለመውጣት አራት ነጥብ ቀርቶት፣ አሥር ጨዋታ እየቀረው ወረደ። በስኮትላንድም ኸርትስ በተመሳሳይ ስሌት ወርዶ ጉዳዩን እስከ ግልግል ዳኝነት ወሰደው። ነጥብን በጨዋታ ማካፈል ክፉ ሒሳብ አይደለም። ሁሉም እኩል ዙር ካልተጫወተ ግን ከጠንካሮቹ ጋር ቀድሞ የተጋጠመውን ይጎዳል፤ እነዚህን ክለቦች ፍርድ ቤት ያስሮጣቸው ደግሞ ስሌቱ ከመሐል መምጣቱ ነው።

ለእኛ የሚሆነው ምንድን ነው? የፕሪሚየር ሊጉ ጉዳይ ለጊዜው መልስ ያገኘ ይመስላል። በተመረጡ ከተሞች መሰባሰቡ የወረርሽኝ ዘመን መላ ሆኖ ገባ፤ ወረርሽኙ አልፎም ሊጉ ለዓመታት በዚያው ቀጠለ። ከተሞቹ በየጊዜው ይቀያየራሉ። ባሕር ዳር በ2015 አስተናጋጅ ነበረች፤ በ2016 አዳማ፣ ድሬዳዋና ሀዋሳ ቀሩ። ካሜራ፣ መብራት፣ ሆቴልና ጸጥታ ያለበት ከተማ ጥቂት ስለሆነ ሊጉ ወደ እነሱ ይሰበሰባል። አሶሳና ማንኩሽ ከዚህ ካርታ ውጭ ናቸው። ለእኛ አካባቢ ክለብ መንገዱ ከታች ነው፤ በክልል ውድድር፣ ከዚያ በክልል ክለቦች ሻምፒዮና፣ ከዚያ በአንደኛ ሊግና በከፍተኛ ሊግ። የክልል ክለቦች ሻምፒዮና ደግሞ ቀድሞውንም የተቆረጠ ውድድር ነው። ክለቦች አንድ ከተማ ይሰበሰባሉ፣ በምድብ ይጫወታሉ፣ ከዚያ ጥሎ ማለፍ ነው። ዓመት የለፋ ቡድን በሁለት መጥፎ ከሰዓት ይመለሳል። ወደዚያ የሚሄድ ክለብ ቢያንስ በቤቱ ወግ ያለው ሊግ ተጫውቶ መሄድ አለበት የምለው ለዚህ ነው።

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ መልክዓ ምድር በድልድል ላይ የራሱን ሐሳብ ይጭናል። ዓባይ ክልሉን ለሁለት ይከፍለዋል፤ አሶሳና ካማሺ ዞኖች ከወንዙ በስተደቡብ፣ መተከል በስተሰሜን። የአሶሳ ዋና መንገድ በባምባሲ፣ በመንዲና በጊምቢ አድርጎ ወደ ነቀምት ይወርዳል፤ የማንኩሽ ሰው ደግሞ በግልገል በለስና በቻግኒ ይወጣል። ማንኩሽ በጉባ ወረዳ ከሕዳሴ ግድብ አጠገብ ናት፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ግድቡ ሲመረቅ የአገሩ ዓይን ሁሉ ወደዚህ ዞሮ ነበር። ዓይን ቢዞርም ርቀቱ አልቀነሰም። ቡድን ጭኖ አሶሳ ደርሶ መመለስ የቀናት ጉዳይ ነው። በ2013 ደግሞ በመተከል ብዙ ወረዳዎች በጸጥታ ችግር ሰው ከቀበሌ ቀበሌ መሄድ ያልቻለበትን ጊዜ ማንም አይረሳውም። እዚህ የሚሠራ ድልድል መንገድ ሊዘጋ እንደሚችል ከወዲሁ ያሰበ መሆን አለበት።

በቁጥር እንየው። መተከል ውስጥ ጉባ፣ ዳንጉር፣ ማንዱራ፣ ፓዊ፣ ድባጤ፣ ቡለንና ወንበራ ሰባት ወረዳዎች ናቸው። እያንዳንዱ አንድ ቡድን ያቀርባል እንበል። በደርሶ መልስ 42 ጨዋታ፣ 14 ዙር ይሆናል። በየሳምንቱ አንድ ዙር ቢደረግ ከሦስት ወር ትንሽ በላይ ይፈጃል፤ ኅዳር መጀመሪያ ቢነሳ የካቲት መጀመሪያ ላይ ያልቃል። እያንዳንዱ ቡድን ስድስት ጊዜ ከወረዳው ወጥቶ ይጓዛል። በወረቀት ላይ ያምራል። አንድ መኪና ከተበላሸ፣ አንድ መንገድ ለሁለት ሳምንት ከተዘጋ ግን ተስተካካይ ጨዋታዎች ይከማቻሉ፤ የካቲት አልፎ ሙቀቱ ይደርሳል፤ አንዱ 12 ሌላው 9 ጨዋታ አድርገው ዓመቱ ይቆማል። የ1972ቱን ቦስተን ማንዱራ ላይ ማየት ማለት ይህ ነው።

አንድ ዙር ብቻ ከሆነ 21 ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ከስድስቱም ጋር አንድ አንድ ጊዜ ይጋጠማል። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሜዳ ተሰባስበው ቢጫወቱት በየዙሩ ሦስት ጨዋታ አለ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት፣ አንዱ ማለዳ ፀሐይዋ ሳትከር፣ ሌላው ወደ ማታ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ፤ በማግስቱ አንድ፤ ከዚያ አንድ ቀን ዕረፍት። ሰባቱ ዙር በሦስት ሳምንት ያልቃል፤ ማንም ሁለት ቀን በተከታታይ አይጫወትም። ቡድኑ የሚጓዘው አንዴ ሄዶ አንዴ ለመመለስ ነው። የሦስት ሳምንት ማደሪያና ቀለብ ወጪ አለው፤ ነገር ግን ከስድስት ጉዞ ነዳጅ፣ የመኪና ኪራይና አበል ጋር ያስተያየው የወረዳ የፋይናንስ ሠራተኛ የትኛው እንደሚቀል አያጣውም። ዳኞችና ኮሚሽነሩም በአንድ ቦታ ይውላሉ።

ሁለት ምድብ ከፍሎ በግማሽ ፍጻሜ መጨረስስ የሚል ይኖራል። ባለ አራትና ባለ ሦስት ምድብ ቢደረግ ዘጠኝ የምድብ ጨዋታ፣ ሁለት ግማሽ ፍጻሜና አንድ ፍጻሜ፣ በድምሩ 12 ጨዋታ ይሆንና በአሥር ቀን ግድም ያልቃል። ብዙ አዘጋጅ የሚመርጠው ይህንን ነው፤ የፍጻሜ ቀን ሕዝብ ይመጣል፣ ባለሥልጣን ይመጣል፣ ዋንጫ ይነሳል። እኔ አልመርጠውም። ባለ ሦስቱ ምድብ ውስጥ የወደቀ ቡድን ሁለት ጨዋታ ብቻ አድርጎ ሊሰናበት ይችላል። ለሁለት ጨዋታ ከወንበራ ደጋ ጉባ ቆላ ድረስ ቡድን አምጡ ማለት በተጫዋቹም በወረዳውም ላይ መቀለድ ነው። የፍጻሜ ድምቀት ካስፈለገ ከሰባቱ ዙር በኋላ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት አንድ ጨዋታ ይጨምሩ፤ አንደኛው በሠንጠረዡ ሁለት ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ ከራቀ ግን ያለ ፍጻሜ ዋንጫውን ይውሰድ።

የባለሜዳነት ጥያቄ ይቀራል። አንድ ከተማ ከተመረጠ የዚያ ወረዳ ቡድን ሕዝቡን ይዞ ይጫወታል። ፋሲል ያሳየን ነገር ቢኖርም ታዳጊ ተጫዋቾች ላይ የሜዳ ጫና ቀላል አይደለም። መድኃኒቱ አስተናጋጅነትን በየዓመቱ ማዘዋወር ነው። ለምሳሌ በመጀመሪያው ዓመት የዞኑ ከተማ ግልገል በለስ ብታስተናግድ፣ ቀጥሎ ማንኩሽ፣ ከዚያ ፓዊ፤ ተራው እስከ ሰባት ዓመት አስቀድሞ በዕጣ ይታወቅ። ማንኩሽ ተራዋ ሲደርስ ውድድሩን ታኅሣሥና ጥር ላይ መጣል ግዴታዋ ነው፤ ለደጋዎቹ ወረዳዎች ወሩ ትንሽ ሊገፋ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ አስቀድሞ ሊጻፍ የሚገባው ገጽ አለ። አስቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይባል የለ? ውድድሩ ቢቋረጥ ሁሉም ስንት ዙር ከተጫወቱ ነው ውጤቱ የሚጸናው? እኔ ብሆን አምስት እላለሁ፤ ከሰባቱ አምስቱ ዙር በሙሉ ከተጠናቀቀ ደረጃው በዚያው ይጸና፤ አንድ ዙር ግማሹ ተደርጎ ግማሹ ከቀረ ያ ዙር ከነጭራሹ አይቆጠር። ከአምስት በታች ከሆነ ውድድሩ ይሰረዝና ዞኑን የሚወክለው በዕጣ ሳይሆን ያለፈው ዓመት አሸናፊ ይሁን። በመንገድ መዘጋት የቀረ ቡድን ፎርፌ አይሰጥበት፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ከደረሰ ጨዋታው ይያዝለት። ሁለት ቡድን በነጥብ እኩል ከሆኑ በመጀመሪያ እርስ በርስ ያደረጉት ጨዋታ ይታይ፤ በሰባት ቡድን መካከል በሚደረግ አጭር ሊግ የግብ ልዩነት አንድ ደካማ ቡድን ላይ በዘነበ ጎል ሊዛባ ይችላልና። የተጫዋችና የአሠልጣኝ ክፍያም በጨዋታ ቁጥር ሳይሆን በውድድሩ ዘመን ይዋዋል፤ አለዚያ ቀን ሲያጥር ጠቡ ከሜዳ ወደ ደመወዝ ይዛወራል።

ይህን ገጽ ሰባቱም ወረዳዎች ዕጣ ከመውጣቱ በፊት ይፈርሙበት። የወረዳ ስፖርት ጽሕፈት ቤቶች በጀታቸውን የሚይዙት ሐምሌ ላይ ስለሆነ የደንቡ ረቂቅ ሰኔ ሳያልቅ በእጃቸው ይድረስ፤ ኅዳር ላይ የሚጀመር ሊግ ጥቅምት ላይ ሊታሰብ አይችልም።